የማባዛት ሠንጠረዥ የጠፋበት ወታደርና ሐኪሙ፦ የአሌክሳንደር ሉሪያ ሕይወት

ዛሬ ከወትሮው የከተማ ወሬያችን ወጣ ብለን የአንድ ሰው ታሪክ ይዘን መጥተናል። ያለ ምክንያት አይደለም። ሰበታ ሂዱ፣ ቡራዩ ሂዱ፣ እንጦጦን ተሻግራችሁ ሱሉልታ ውረዱ፤ ወላጅ ከወላጅ ሲገናኝ ከኑሮ ውድነት ቀጥሎ የሚነሳው የልጆች ትምህርት ነው። ከትምህርቱም ሂሳብ። ሌላው ሁሉ ይገባዋል፣ ሂሳብ ላይ ግን ጭንቅላቱ አይሠራም የሚል እናትና አባት ስንት ነው? የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ ደግሞ ጭንቀቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሯል።

ጭንቅላቱ አይሠራም የምንለውን እስቲ ለአንድ ቀን ቃል በቃል እንውሰደው። ለመሆኑ ሂሳብ የሚሠራው የትኛው የጭንቅላት ክፍል ነው? ያ ክፍል ቢመታ ምን ይጠፋል? ሕፃን ልጅ መቁጠር ሲማርስ እዚያ ውስጥ ምን እየተገነባ ነው? ይህን ጥያቄ ከማንም በፊት በደንብ ከጠየቁት ሰዎች አንዱ ሩሲያዊው አሌክሳንደር ሮማኖቪች ሉሪያ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያም ሐኪምም ነበር። ዛሬ ኒውሮሳይኮሎጂ የሚባለው፣ የአንጎልን አሠራርና የሰውን አስተሳሰብ አንድ ላይ የሚያጠናው ሙያ፣ አባቱን ቁጠር ቢባል ከሚጠራቸው ጥቂት ስሞች አንዱ የእሱ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሉሪያ በ1902 በቮልጋ ወንዝ ዳር ባለችው በካዛን ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ የታወቁ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነበሩ፤ እናቱ ደግሞ የጥርስ ሐኪም። አባትየው ልጃቸው የእሳቸውን መንገድ እንዲከተል ነበር ምኞታቸው። ልጁ ግን 15 ዓመት ሲሞላው አብዮት ፈነዳ። ያኔ ትምህርቱም፣ ፈተናውም፣ የዕድሜ ገደቡም ተደበላለቀ። ሉሪያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1921 ገና በ19 ዓመቱ በማኅበራዊ ሳይንስ ተመረቀ። ሕክምናም ጀምሮ ነበር፤ አቋረጠው። በዚያው ሰሞን ካዛን ላይ ጓደኞቹን ሰብስቦ የሥነ ልቦና ትንተና ማኅበር አቋቋመና ቪየና ላሉት ለፍሮይድ ደብዳቤ ጻፈ። ፍሮይድም መለሱለት። እንግዲህ የ20 ዓመት ልጅ ነው!

በ1923 ሞስኮ ገባ፤ የሥነ ልቦና ኢንስቲትዩት ሠራተኛ ሆነ። የመጀመሪያ ሥራው ከሂሳብ ጋር አይገናኝም። ሰው አንድ ቃል ሲሰማ በእጁ ትንሽ የጎማ ፊኛ እንዲጨምቅ አድርጎ፣ የጨመቀበትን ኃይልና ፍጥነት በመመዝገብ ውስጡ የተረበሸ መሆን አለመሆኑን ይለካ ነበር። በወንጀል የተጠረጠሩ ሰዎችን ጭምር ፈትኖበታል። ዛሬ ውሸት ማወቂያ የምንለው መሣሪያ ዘመድ ነው። ይቺን የጎማ ፊኛ አትርሷት፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ሕፃናት እጅ ላይ እናገኛታለን።

ሕይወቱን የለወጠው በ1924 የተገናኘው ሰው ነው። ሌቭ ቪጎትስኪ ይባላል፤ ጎሜል ከምትባል ትንሽ ከተማ የመጣ መምህር። ሌኒንግራድ በተደረገ ጉባኤ ላይ ተነስቶ ሲናገር አዳራሹ ጸጥ አለ ይባላል። ሉሪያ ሞስኮ ተመልሶ ይህ ሰው ካልመጣ ብሎ አለቆቹን ወጥሮ ያዘ፤ መጣም። በዕድሜ የሚበልጠው 6 ዓመት ያህል ብቻ ነው። ሉሪያ ግን እስኪሞት ድረስ ራሱን የቪጎትስኪ ተማሪ አድርጎ ነው የቆጠረው።

የሁለቱ ዋና ሐሳብ ሲነገር ቀላል ነው። ሕፃን ልጅ ብቻውን በጭንቅላቱ ማሰብ አይጀምርም። መጀመሪያ ከሰው ጋር፣ ጮክ ብሎ፣ በእጅ በሚጨበጥ ነገር ያደርገዋል፤ ቀስ በቀስ ያው ነገር ወደ ውስጥ ይገባና ዝምተኛ ሐሳብ ይሆናል። ቁጥር ለዚህ ምርጥ ምሳሌ ነው። ሰው በጣቱ፣ በጠጠር፣ በገመድ ቋጠሮ፣ በእንጨት ላይ ጭረት ሲቆጥር ኖሯል። እኛ አገር የጸሎት መቁጠሪያ የያዘች እናት አርባ አንድ ጊዜ ስትጸልይ ቁጥሩን የሚይዝላት ጭንቅላቷ ሳይሆን እንክብሉ ነው፤ ሙስበሃ የያዙ አባትም እንዲሁ። ጭንቅላታቸው ስላነሰ ነው እንዴ? መሣሪያ ስላላቸው ነው። ቪጎትስኪና ሉሪያ ያሉት፣ የሰው አንጎል ትልቁ ምስጢር ከውጭ ያለን መሣሪያ ወስዶ የራሱ አካል ማድረግ መቻሉ ነው።

ሉሪያ በነዚያ ዓመታት ከሕፃናት ጋር ብዙ ተቀምጧል። አንዷን ሙከራ ቤታችሁ ልትሞክሯት ትችላላችሁ። ትንንሽ ኩብ እንጨቶችን (ድንች ቆራርጣችሁም ይሆናል) በመስቀል ቅርጽ ደርድሩና ትንሽ ልጅ እንዲቆጥር ጠይቁት። ብዙ ጊዜ መሐል ላይ ያለችውን ሁለት ጊዜ ይቆጥራታል፤ አንድ ጊዜ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ፣ አንድ ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ። ቁጥር መጥራት አቅቶት አይደለም። ዓይኑ የሚያየው ሁለት መስመር ነው፤ ሁለቱም መስመሮች መሐሏን ይፈልጓታል። ቅርጹን ትቶ ብዛቱን ብቻ ማየት የሚመጣው ከጊዜ በኋላ ነው፤ የሚመጣውም ስለተማረ ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን አስተያየት ጣል እናድርግ። በጣቱ የሚቆጥር ልጅ እጁ ላይ የሚገረፍበት ክፍል ተምረናል፤ ስንቶቻችሁ ታስታውሳላችሁ? በነቪጎትስኪ አስተሳሰብ ጣት መወጣጫ ደረጃ ነው። ልጁ ፎቁ ላይ ሳይደርስ መሰላሉን መንጠቅ ማንን ይጠቅማል?

በ1931 እና በ1932 ሉሪያ ወደ መካከለኛው እስያ፣ ወደ ኡዝቤኪስታንና ኪርጊዝ ገጠሮች ዘመተ። ጊዜው ሶቪየት መንግሥት ገበሬውን በኅብረት እርሻ የሚያስገባበት፣ ፊደል ያልቆጠረውን በዘመቻ የሚያስተምርበት ነበር። የሉሪያ ጥያቄ፣ ትምህርት ቤት ያልገባ ሰውና ጥቂት ወራት የተማረ ሰው አስተሳሰባቸው ይለያያል ወይ የሚል ነው። ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ ምሽት ላይ እሳት ከበው እየተጫወቱ እንቆቅልሽ የሚመስሉ ጥያቄዎች ያቀርብላቸዋል። በጣም የታወቀው የድቡ ጥያቄ ነው። በረዶ ባለበት በሩቅ ሰሜን ያሉ ድቦች ሁሉ ነጭ ናቸው፤ ኖቫያ ዜምልያ ሩቅ ሰሜን ውስጥ ናት፤ ታዲያ እዚያ ያሉት ድቦች ምን ዓይነት ናቸው? ያልተማሩት ገበሬዎች ብዙዎቹ ሄደን አላየን፣ ያላየነውን አናወራም ብለው ጥያቄውን መለሱለት። የሄደ ሰው ጠይቅ ያሉትም አሉ።

የሂሳብ ጥያቄውም ላይ እንዲሁ ሆነ። በመንደሮች መካከል ስላለው የእግር መንገድ ይጠይቃቸዋል፤ ሆን ብሎ ግን ርቀቱን ያዛባዋል። በእኛ እንውሰደው። አንድ ሰው መጥቶ፣ ከሰበታ ሜክሲኮ አደባባይ በእግር ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ፣ ከሱሉልታ ሜክሲኮ ደግሞ የዚህ ሦስት እጥፍ ቢፈጅ፣ የሱሉልታው ስንት ይሆናል ብሎ ቢጠይቀን? የተማረ ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ይልና ያልፋል። ሰበታ የተወለደ፣ ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠ ሽማግሌ ግን መጀመሪያ ከሰበታ ሜክሲኮ በግማሽ ሰዓት በእግር የሚሄደው ማነው ብለው ይጠይቃሉ። ታዲያ ተሳሳቱ? የኡዝቤክ ገበሬዎችም የገዛ ኑሯቸውን ሂሳብ ሳይሳሳቱ ይሠሩት ነበር፤ ከእውነቱ ጋር የሚጣላ ጥያቄ ሲመጣ ግን አንሠራም አሉ። ሉሪያ ከዚህ የወሰደው ትምህርት፣ እውነቱን ለጊዜው ትቶ ይህ ቢሆን ብሎ በተሰጠው ነገር ውስጥ ብቻ ማሰብ ተፈጥሮ ሳይሆን ትምህርት ቤት የሚያስለምደው ጨዋታ መሆኑን ነው።

ይህ ጥናት አስከፈለው። ሪፖርቱ ሞስኮ ሲደርስ ገበሬውን እንደ ኋላቀር አሳይቷል፣ ሠራተኛውን ሕዝብ ሰድቧል ተብሎ ተወገዘ። መጽሐፉ ተቀበረ። የታተመው በ1974 ነው፤ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። ፍትሐዊ ለመሆን ግን እኛም አንድ ነገር እንበል። ውግዘቱ ፖለቲካ ነበር፣ እውነት ነው። ግን ሉሪያም ቢሆን ያልተማረውን አስተሳሰብ በታች፣ የተማረውን በላይ አድርጎ ደረጃ የማውጣት ዝንባሌ ነበረበት። ይህንን በኋላ ያረመው የራሱ ተማሪ ነው፤ እሱም አፍሪካ መጥቶ። እንመለስበታለን።

በ1934 ቪጎትስኪ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ገና 37 ዓመቱ ነበር። በ1936 ደግሞ የኮሚኒስት ፓርቲው የሕፃናትን ጥናትና የችሎታ ፈተና የሚያወግዝ ውሳኔ አወጣ፤ የቪጎትስኪ መጻሕፍት ከመደርደሪያ ወረዱ። ሉሪያ በዚያን ጊዜ በአንድ የሕክምና ዘረ መል ኢንስቲትዩት ውስጥ መንትያ ልጆችን ያጠና ነበር፤ ያም ተዘጋ። የኢንስቲትዩቱ ዳይሬክተር ሰሎሞን ሌቪት ታስሮ በ1938 ተገደለ። ሰው በሌሊት የሚወሰድበት ጊዜ ነበር። ሉሪያ ያደረገው ነገር ብልህነትም ዕድልም ነው፦ ድምፁን አጥፍቶ የሕክምና ተማሪ ሆነ። በውጭ አገር መጽሐፍ ያሳተመ ተመራማሪ ከወጣቶች ጋር ወንበር ላይ ተቀምጦ የሰውነት አካላትን ስም ሸመደደ። በ1937 ተመርቆ ሐኪም ሆነና ወደ ነርቭ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ገባ። የአባትየው ምኞት በዚህ በኩል ዞሮ ደረሰ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ1941 ጀርመን ሶቪየትን ስትወር ሉሪያ ኡራል ተራራ አጠገብ፣ ቼልያቢንስክ አውራጃ ውስጥ ኪሴጋች በሚባል ቦታ 400 አልጋ ያለው ሆስፒታል እንዲያደራጅ ታዘዘ። ጭንቅላታቸውን የተመቱ ወታደሮች ናቸው የሚመጡት። ጥይት ወይ የቦምብ ፍንጣሪ አንዱን የአንጎል ክፍል ወስዶ ሌላውን ይተዋል። ያኔ ዛሬ በግል ክሊኒኩ ሁሉ ማስታወቂያው የሚለጠፈው ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ የለም፤ በሲቲ ስካን የመጀመሪያው በሽተኛ ለንደን ውስጥ የታየው በ1971 ነው። ሉሪያ የነበረው ወረቀት፣ እርሳስ፣ ጥያቄና ትዕግሥት ነው። ሌላ ምንም።

ከሕመምተኞቹ ሁሉ የታወቀው ዛሴትስኪ የሚባል ወጣት ነው። ከጦርነቱ በፊት የቴክኒክ ኮሌጅ ተማሪ ነበር፤ ሂሳብ የሚወድ፣ ሦስት ዓመት የተማረ። መጋቢት 1943 ስሞሌንስክ አካባቢ ጥይት በግራ በኩል ወደ ኋላ ያለውን የጭንቅላቱን ክፍል መታው። ሲነቃ ዓለም ተቆራርጣ ነበር። ቀኝና ግራ ጠፋበት። ማንበብ ጠፋበት። አንድ ፊደል ለማስታወስ ከመጀመሪያው ፊደል ተነስቶ እየጠራ እዚያ እስኪደርስ መሄድ አለበት፤ ልክ እንደ እኛ የቆሎ ተማሪ ሀ ሁ ሂ ብሎ ካልተነሳ መሐሉን እንደማያገኘው። የማባዛት ሠንጠረዡ ብን ብሎ ጠፋ። መሐንዲስ ሊሆን የነበረ ሰው ሁለት ቁጥር መደመር ጭንቅ ሆነበት።

አሁን ወደ ነገሩ ልብ እንግባ። እንደ ዛሴትስኪ ያለ ሰው ቁጥር አልረሳም፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይላል። የጠፋው ሌላ ነው። ሉሪያ 31 ሲቀነስ 7 የሚለውን ይሰጣል። እስቲ እናንተም በቃላችሁ ሥሩትና ምን እንዳደረጋችሁ አስተውሉ። ብዙ ሰው አንዱን ወደ ጎን አስቀምጦ 30 ሲቀነስ 7 ይላል፤ 23። ከዚያ ያስቀመጣትን አንድ ይመልሳል፤ 24። የግራ ጎኑ የኋለኛ ክፍል የተመታ ሰው 23 ድረስ ይደርስና ይቆማል። ያቺ አንድ ወዴት ነው የምትሄደው? ወደ ላይ ትጨመር ወይስ ወደ ታች ትቀነስ? አቅጣጫው ጠፋበት። ሉሪያ ከዚህ የተረዳው፣ ቁጥር በጭንቅላታችን ውስጥ ቦታ እንዳለው ነው። ግራና ቀኝን፣ ላይና ታችን የሚያውቀው የአንጎል ክፍልና ሂሳብ የሚሠራው ክፍል ጎረቤት ናቸው፤ አንዱ ቤት ሲቃጠል የሌላውም አጥር አይተርፍም።

ከነዚህ ሕመምተኞች አንዳንዶቹ 17ን ከ71 አይለዩም። ከ198 እና ከ201 ማን ይበልጣል ሲባሉ 198 የሚሉም አሉ፤ 9 እና 8 ትልልቅ ናቸዋ! 2ቷ መቶ ቤት ላይ መቀመጧ ምንም አይነግራቸውም።

ይህ ስሕተት የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ደብተር ለገለጠ ሰው እንግዳ አይደለም። ሁለት መቶ አንድ ጻፍ ስንለው 2001 ብሎ የሚጽፍ ልጅ አለን። እንቆጣዋለን። ግን እስቲ በግዕዝ ቁጥር ጻፉት፦ ፪፻፩። ሁለት፣ መቶ፣ አንድ። ልጁ የሠራው ይህንኑ ነው! የሰማውን በሰማበት ቅደም ተከተል ጻፈ። በግዕዝ አኃዝ ፻ ምልክቷ ራሷ መቶ ነኝ ትላለች፤ ዜሮ የሚባል የለም፣ አያስፈልግምም። በዓለም አቀፉ አኃዝ ግን ምልክቷ አትናገርም፤ የምትናገረው የተቀመጠችበት ቦታ ነው፤ ባዶውን ቦታ የምትጠብቀው ደግሞ ዜሮ ናት። ይህ የሰው ልጅ ብዙ ዘመን የፈጀበት ፈጠራ ነው። የ7 ዓመት ልጅ በአንድ መንፈቅ እንዲገባው እንፈልጋለን፤ ሲዘገይ ጭንቅላቱ አይሠራም እንላለን። በነገራችን ላይ የእኛ አገር ልጆች በአንድ በኩል የታደሉ ናቸው። አማርኛው አስራ አንድ፣ አፋን ኦሮሞው ኩዳ ቶኮ ይላል፤ ሁለቱም አስርና አንድ መሆኑን ግልጽ አድርገው ይናገራሉ። የእንግሊዝኛው ኢለቨን ግን ውስጡ ምን እንዳለ ለልጅ አይነግረውም። ሂሳብን ገና ከጅምሩ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚያስቆጥሩ የግል ትምህርት ቤቶች ይህችን ነገር ቢያስቡባት እንወዳለን።

ዛሴትስኪን አንጨርስም እንዴ? አንድ ቀን ሐኪም እጁን ከወረቀት ሳያነሳ፣ ፊደል ፊደሉን ሳያስብ ዝም ብሎ እንዲጽፍ ነገረው። ጻፈ! እጁ አልረሳም ነበር። የጻፈውን ማንበብ ግን ይቸግረዋል። በዚህ ሁኔታ ለ25 ዓመታት ያህል የሕይወቱን ታሪክ ጻፈ፤ አንዳንድ ቀን ግማሽ ገጽ፣ አንዳንድ ቀን ጥቂት መስመር። 3,000 ገጽ ያህል ሆነ። ሉሪያ የእሱን ጽሑፍና የራሱን የሕክምና ማስታወሻ አዋህዶ መጽሐፍ አደረገው፤ የዛሬ ሐኪሞች ሕመምተኛን እንደ ሰው ታሪኩን መጻፍ የተማሩት ከዚህ ነው። በጽሑፉ ዓለም ያወቀው የነርቭ ሐኪሙ ኦሊቨር ሳክስ ራሱ መምህሬ የሚለው ሉሪያን ነበር፤ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር።

ጦርነቱ አለቀ፤ ሉሪያ ግን አላረፈም። በ1950 ሳይንቲስት ሁሉ በፓቭሎቭ ትምህርት ብቻ ይመራ የሚል ጉባኤ ተደረገ፣ ያልተስማማው ተጠራረገ። ሉሪያ ከነርቭ ቀዶ ሕክምና ኢንስቲትዩት ወጣ። የተጠጋው ቪጎትስኪ ቀደም ሲል መሠረት ከጣለበት፣ የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው ሕፃናት ትምህርት ከሚጠናበት ተቋም ነው። ቅጣት መስሎ የመጣው ነገር ወደ ሕፃናት መለሰው።

ያቺ የጎማ ፊኛ እዚህ ናት። የ3 ዓመት ልጅ ቀይ መብራት ሲበራ ፊኛዋን ጭመቅ ይባላል። ይገባዋል፤ ግን መብራት ሳይበራም ይጨምቃል፤ አንዴ ከጀመረ አያቆምም። ከፍ ያለ ልጅ ግን ጮክ ብሎ ለራሱ እየተናገረ እጁን ማዘዝ ይችላል። ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ሳይናገር። ልጃችሁ ሲደምር ሲያጉተመትም ከሰማችሁት ይኸው ነው፤ አንጎሉ ገና ራሱን በድምፅ እየመራ ነው።

በዚያው ተቋም ሉሪያ አጥብቆ የያዘው ሌላ ጉዳይ ነበር። ከክፍል ጓደኞቹ ወደ ኋላ የቀረ ልጅ ሁሉ የአእምሮ ዝግመት ያለበት አይደለም። አንዱ በደንብ አይሰማም፤ አንዱ ታሞ ከርሞ ቶሎ ይደክመዋል፤ አንዱ በደንብ ያስተማረው የለም። ከውጭ ሲታዩ ሁሉም አንድ ናቸው፦ ፈተና የወደቁ። መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው። ቪጎትስኪ ደግሞ መንገዱ የተዘጋበት ልጅ ሌላ መንገድ ይሠራለታል ይል ነበር፤ ምሳሌው ብሬይል ነው። ሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያላት ከተማ ስለሆነች ይህ ለሰበታ ሰው ወሬ አይደለም። በብሬይል ቁጥር የሚጻፈው በመጀመሪያዎቹ አስር የላቲን ፊደላት ነጥቦች፣ ከፊቱ የቁጥር ምልክት ተደርጎ ነው። ዓይን ያላደረሰውን ጣት ያደርሰዋል፤ ሂሳቡ ግን ያው ሂሳብ ነው።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ቀድሞ ሆስፒታሉ ተመለሰና ትልልቅ ሥራዎቹ ተከታትለው ወጡ። በ1962 ስለ ከፍተኛ የአንጎል ተግባራት የጻፈው ዳጎስ ያለ መጽሐፍ፣ በ1968 ምንም ነገር መርሳት ስለማይችለው ስለ ሼሬሼቭስኪ የጻፈው ትንሽ መጽሐፍ (ይህ ሰው ረጃጅም የቁጥር ሠንጠረዦችን አንዴ አይቶ ከዓመታት በኋላ ይደግማቸው ነበር)፣ በ1973 ደግሞ አንጎል እንዴት እንደሚሠራ ያጠቃለለበት። ለዛሬ ጉዳያችን ግን የሚበልጥብን በ1966 ከተማሪው ከስቬትኮቫ ጋር ያወጣው ነው፤ ጠቅላላው መጽሐፍ አንጎላቸው የተጎዳ ሰዎች የሂሳብ ጥያቄ ሲሠሩ ምን እንደሚሆኑ ነው።

ከጥያቄዎቹ አንዷ ይቺ ናት። በሁለት መደርደሪያ ላይ 18 መጻሕፍት አሉ፤ በአንዱ ላይ ያለው የሌላው እጥፍ ነው፤ በእያንዳንዱ ስንት አለ? የግንባራቸው በኩል ያለው የአንጎል ክፍል የተመታ ሰዎች ወዲያው 18ን ለ2 ያካፍላሉ፤ 9 ይላሉ። ማካፈል ያውቃሉ። ማባዛት ያውቃሉ። የጠፋቸው ቆም ብሎ ምን ተጠየቅሁ ማለት ነው። ሁለት የምትል ቃል ሰሙ፣ እጃቸው ሮጠ። የኋለኛው ክፍል የተመታባቸው ደግሞ በተቃራኒው ይታገላሉ፤ ጥያቄውን ደጋግመው ያነባሉ፤ እጥፍ የሚለው ግንኙነት ግን አልጨበጥ ይላቸዋል። መልሱ (12 እና 6) ለሁለቱም ጠፋ፣ መንገዱ ግን አንድ አይደለም። ሉሪያ የሚለው ይህንን ነው፦ ሂሳብ የሚባል አንድ ክፍል አንጎል ውስጥ የለም። ብዙ ሠራተኛ ያለበት ደቦ ነው፤ አንዱ ቁጥሩን ይይዛል፣ አንዱ ቦታውን፣ አንዱ ዕቅዱን፣ አንዱ ስሕተቱን ይቆጣጠራል። ስለዚህ ወድቋል ከማለት በፊት የቱ ሠራተኛ ነው የቀረው ብሎ መጠየቅ ይገባል። ያ የግንባሩ ክፍል ደግሞ በሰው ልጅ ላይ ከሁሉ ዘግይቶ የሚበስል ነው፤ ከ20 ዓመት ዕድሜ ያልፋል። የ9 ዓመት ልጅ ጥያቄውን ሳይጨርስ ቢያካፍል ብዙም አይፈረድበትም።

አሁን ያልነው አፍሪካ ላይ እንድረስ። በ1962 ማይክል ኮል የሚባል ወጣት አሜሪካዊ ሞስኮ መጥቶ ከሉሪያ ጋር ሠራ። ከዚያ ወደ ላይቤሪያ ሄደ፤ የተላከው ክፔሌ የሚባለው ሕዝብ ልጆች ሂሳብ ለምን እንደሚከብዳቸው እንዲያጠና ነበር። ኮልና ባልደረባው ያገኙት ሌላ ነገር ነው። በአንድ ዕቃ ውስጥ ስንት ስፍር ሩዝ እንዳለ በዓይን ገምቱ ሲባሉ የክፔሌ ሰዎች አሜሪካኖቹን በለጧቸው። ሩዝ ይዘራሉ፣ ሩዝ ይሸጣሉ፣ በስፍር ይኖራሉ። አሸዋ ሜዳ ገበያ በጣሳና በቁና እህል የምትሰፍርን ሴት ለሚያውቅ ሰው ይህ ምኑ ይገርማል! የታክሲ ረዳት ሆኖ ከሰባት ሰው የተለያየ ብር ተቀብሎ በሩጫ መልስ የሚሰጠው ልጅ ሰሌዳ ፊት ሲቆም ለምን ይጠፋበታል? ኮል፣ ችግሩ ልጁ ውስጥ ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ልጁ የሚያውቀውን ሂሳብ ስላልጠየቀው ነው ወደሚል አዘነበለ፤ የሉሪያን ከታች ወደ ላይ ደረጃም በዚህ ተቸው። ሁለቱ ግን አልተጣሉም። የተቀበረው የኡዝቤክ ጥናት በ1976 በእንግሊዝኛ ሲወጣ ያዘጋጀው ራሱ ኮል ነው።

ዛሬ የሉሪያ ልጅ ልጆች የሚባሉት ተመራማሪዎች ልጆች ሲደምሩ አንጎላቸውን በምስል ያያሉ። ቁጥር ሲታሰብ በጆሮ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ ባለው ክፍል ውስጥ አንድ ስንጥቅ ቦታ በሁለቱም በኩል በተደጋጋሚ ሲሠራ ተገኝቷል፤ ሉሪያ በጥይት ቀዳዳ የደረሰበት አካባቢ ነው። ዲስካልኩሊያ የሚባል፣ ቁጥር ላይ ብቻ የሚከብድ የተፈጥሮ ችግር እንዳለም ታውቋል፤ በ1974 የወጣ የቼኮዝሎቫኪያ ጥናት ከ100 ልጆች ወደ 6 የሚሆኑት እንዳለባቸው ገምቶ ነበር። ስድሳ ልጅ በተቀመጠበት ክፍል ሦስት አራቱ ማለት ነው። የቀሩት ሃምሳ ምናምኑ ልጆች ሂሳብ ቢከብዳቸው ሌላ ምክንያት ነው የሚፈለግላቸው።

ሉሪያ በ1933 ላና ሊፕቺና የምትባል ሳይንቲስት አግብቶ አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ሲሠራ ውሎ ሲጽፍ የሚያድር ሰው ነበር። ልቡ እየደከመ ሄደና ነሐሴ 14 ቀን 1977 ሞስኮ ውስጥ በ75 ዓመቱ ሞተ። ላና ብዙ አልቆየችም፤ ወራት ቆይታ ተከተለችው። የራሱን የሕይወት ታሪክ ጽፎት ነበር፤ መጀመሪያ የወጣው ግን በአገሩ ቋንቋ አይደለም፤ በ1979 አሜሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ ነው፣ ያሳተመውም ያው ላይቤሪያ ሄዶ ሩዝ ሲያስገምት የነበረው ተማሪው ነው።